ውሻ ምን አገባት ከትምህርት ቤት?

ሰሞኑን ቲክቶክ አንድ ዓይነት ቪዲዮ እየደጋገመ ያመጣልኛል። አንዱን ሳላስብ እስከ መጨረሻው አይቼው ነው መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ስልኬ ሌላ ነገር ማሳየት እምቢ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። የውጭ አገር ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ወርቃማ ፀጉር ያለው ትልቅ ውሻ ተጋድሟል። አጠገቡ የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ተቀምጦ መጽሐፍ ያነብለታል። ልጁ ይንተባተባል፣ ቃሉን ይደግመዋል፣ እንደገና ይሞክራል። ውሻው ምንም አይልም። ጆሮውን ብቻ አንዴ ያነቃንቃል። ከሥር "ቴራፒ ውሻ" የሚል ጽሑፍ አለ።

ለእናቴ አሳየኋት። ቡና እየቆላች ነበር። ስልኩን ራቅ አድርጋ አየችውና "አንች፣ ውሻ ምን አገባት ከትምህርት ቤት?" አለችኝ። "ውሻ ምን አገባት ከእርሻ" የሚለውን ተረት ለዘመኑ አሻሽላው ነው። ሳቅን። ሳቄን ጨርሼ ወደሚቀጥለው ቪዲዮ ላልፍ ስል፣ ከጓዳ የወጣው ታናሽ ወንድሜ ስልኩን አየና ፊቱን አዞረ። እሱ አልሳቀም። ለምን እንዳልሳቀ እኔም እናቴም እናውቃለን። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ጠዳን ለማታውቋት፣ ከጎንደር ወጥታችሁ አዘዞን አልፋችሁ የባሕር ዳርን መንገድ ስትይዙ የምታገኟት ከተማ ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በጤና ሳይንስ ኮሌጇ ነው። ውሾቿን የሚያውቀው ግን ነዋሪው ነው። ቀን ቀን ሥጋ ቤት በር ላይ፣ ወፍጮ ቤት ጥላ ሥር ተኝተው ይውላሉ። ማታ መንገዱ የእነሱ ነው። "ባለቤት የላቸውም" ብላችሁ እንዳታልፉ። አብዛኞቹ ባለቤት አላቸው፤ ግን ቀለባቸውን የሚፈልጉት ራሳቸው ናቸው። ግቢ ጠባቂነታቸው ማታ ነው፣ ቀን የማንም አይደሉም።

እኔ ራሴ በአንድ እጄ ደብተር፣ በሌላ እጄ ድንጋይ ይዤ ነው የተማርኩት ብል ብዙም አላጋነንኩም። ድንጋዩን መወርወር እንኳ አያስፈልግም፣ ጎንበስ ማለት ይበቃል። የእኛ አገር ውሻ ሰው ጎንበስ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ገና ቡችላ ሳለ ነው የሚማረው። የእኛ አገር ልጅም ጎንበስ ማለትን ፊደል ሳይቆጥር ይማራል። እንግዲህ እዚያ ምንጣፍ ላይ የተኛው ውሻና እዚህ ወፍጮ ቤቱ ጋ የተኛው ውሻ አንድ እንስሳ ናቸው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ይህ ጥያቄ ነው ቪዲዮውን ላልፈው ያልቻልኩት።

ነገሩ የቲክቶክ ፈጠራ አይደለም። ቦሪስ ሌቪንሰን የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ነበር፤ ጂንግልስ የሚባል ውሻ ነበረው። አንድ ቀን ከሰው ጋር መግባባት ያቃተው ልጅ፣ ከቀጠሮው ሰዓት ቀደም ብሎ ከወላጆቹ ጋር መጣ። ውሻው እዚያው ቢሮው ውስጥ ነበር። ልጁ ከውሻው ጋር መጫወት ጀመረ፤ ውሎ አድሮ በውሻው በኩል ከሰውየው ጋርም ተግባባ። ሌቪንሰን ይህን እ.ኤ.አ. በ1962 ጽፎ አወጣው። መጀመሪያ ሲናገረው ከባልደረቦቹ የሳቁበት ነበሩ ይባላል፣ ልክ እንደ እናቴ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካዋ ሶልት ሌክ ሲቲ ልጆች ለውሻ እንዲያነቡ የሚያደርግ ፕሮግራም ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማንበብ የሚከብደው ልጅ የሚፈራው ፊደሉን ብቻ አይደለም፣ ሲሳሳት የሚስቅበትን ሰው ነው። ውሻ አይስቅም፣ አያርምም፣ "ተቀመጥ፣ ሌላ ልጅ ያንብብ" አይልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ ጥናት ወጣ። 249 ተማሪዎችን ከፋፍለው፣ አንዳንዶቹ ለ10 ደቂቃ ውሻና ድመት እንዲያሻሹ፣ ሌሎቹ ቆመው እንዲያዩ፣ ሌሎቹ ፎቶ ብቻ እንዲመለከቱ፣ የቀሩት እንዲጠብቁ አደረጉ። ከዚያ ምራቃቸው ውስጥ ያለውን ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ለኩ። በእጃቸው የነኩት ቀንሶላቸው ተገኘ። ዛሬ ውሻው ከትምህርት ቤት አልፎ በሥነ ልቦና አማካሪዎች ቢሮ፣ በሆስፒታል፣ በአረጋውያን መኖሪያ ይገባል። ውሻው ሐኪም ነው የሚል የለም። በሩን ይከፍታል፣ የሚገባው ባለሙያው ነው።

ቪዲዮው ከካሜራው ጀርባ ያለውን አያሳይም። የውሻውን የክትባት ካርድ አያሳይም። ጠባዩ ተፈትኖ ማለፉን፣ መታጠቡን፣ ገመዱን የያዘው ሰው ሥልጠና መውሰዱን፣ ወላጆች መጠየቃቸውን፣ ፀጉር የማይስማማው ልጅ ሌላ ክፍል መቀመጡን አያሳይም። እኛ የምናየው የመጨረሻዋን 30 ሰከንድ ነው። የሚያምረው እሱ ነዋ!

እኛ ዘንድ ልጅና ውሻ ተዋደው አያውቁም ማለቴ አይደለም። ወደ ደጋው ውጡ፣ ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ። ጎህ ሲቀድ ከብት ይዞ የሚወጣ እረኛ ቀኑን ሙሉ የሚያወራው ከማን ጋር ይመስላችኋል? አባቴ ልጅ ሳለ እረኛ ነበር። አንበሶ የሚባል ውሻ ነበረው። ስለ አንበሶ ሲያወራ ስለ ወንድሙ የሚያወራ ነው የሚመስለው። ጅብ እንዴት እንዳባረረ፣ ዝናብ ሲመታቸው እንዴት ተጠጋግተው እንደተቀመጡ፣ ምሳውን እንዴት እንደሚያካፍለው። ቪዲዮውን ማታ ለእሱም አሳየሁት። ዝም ብሎ አየውና "እኔም ስገረፍ ሄጄ የማለቅሰው አንበሶ ጋ ነበር" አለኝ። ሃያ ምናምን ዓመት አብሬው ስኖር ይህን ሰምቼ አላውቅም።

"መጨረሻው ምን ሆነ?" አልኩት።

"አበደ። ገደሉት" አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

እንግዲህ ፍቅሩ ጠፍቶ አይደለም። የእኛን ቴራፒ ውሻ የሚወስደው በሽታ ነው። በሽታው ደግሞ መድኃኒት ያልተገኘለት ምስጢር አይደለም፤ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የከተበው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። አድዋ እንኳ ገና አልተደረገም።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። ሦስተኛ ክፍል ነበር፣ ዕድሜውም ያው ዘጠኝ። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከኋላው መጥቶ ባቱን ያዘው። ጎንበስ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘም። የሰፈር ሰው ተሰበሰበ፣ ምክርም ተሰበሰበ። አንዱ ጸበል ይሻላል አለ፣ ሌላው ሥር የሚያጠጣ ሰው አውቃለሁ አለ፣ ሦስተኛው ውሻው ጤነኛ ነው አትጨነቁ አለ። ውሻው ከዚያ ቀን በኋላ አልታየም። መጀመሪያ የሄድንበት ጤና ተቋም ክትባቱ የለም አለን። ያገኘነው ሌላ ቦታ፣ ጎንደር ሄደን ነው።

ያኔ የሚሰጠው በአገር ውስጥ የሚሠራው የድሮው ዓይነት ክትባት ነበር፤ ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ። በየቀኑ፣ ሆድ ላይ፣ እምብርት ዙሪያ፣ ለ14 ቀን ይወጋል። ከዚያም ማጠናከሪያ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ከነርቭ ሕዋስ የሚሠሩ እንዲህ ያሉ ክትባቶች እንዲቀሩ መምከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፣ ወንድሜ ሳይወለድ ብዙ ቀድሞ። ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥ ነው፣ ቁጥሩም ጥቂት ነው። እኛ ግን አሥራ አራቱን ቀን ተመላለስን። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው የማይቆጥረው ነገር የለምና ቆጥሬዋለሁ፦ እናቴና ወንድሜ፣ ሁለት ሰው፣ መሄጃና መመለሻ፣ 14 ቀን። 56 ጊዜ የታክሲ ሒሳብ። ማጠናከሪያውን ሳይጨምር። እናቴ ጉልት ትነግድ ነበር፣ የእነዚያን ሁለት ሳምንት ገበያ ደግሞ ማንም አልከፈላትም።

ወንድሜ ዳነ። ባቱ ላይ ጠባሳ አለ፣ ሌላ ምንም የለም። በወረቀት ላይ ጉዳዩ እዚያ ተዘግቷል። ቤት ውስጥ ግን አልተዘጋም። ለወራት ብቻውን ከቤት አይወጣም ነበር። ማታ እየባነነ ይጮሃል። ለመጥቀስ የሚያሳፍሩት ሌሎችም ነገሮች ነበሩ፣ ጓደኞቹ እንዳይሰሙ እናቴ ፍራሹን ከጓሮ ታሰጣው ነበር። ትምህርቱ ወረደ። ትምህርት ቤቱ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀረባቸውን ቀናት የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ። አመጣን፣ ማህተሙን አዩ፣ ጨርሰናል። "እንዴት ነህ?" ያለው ሰው አልነበረም። መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም፤ በአንድ ክፍል ያን ሁሉ ልጅ ይዞ ማን ማንን ይጠይቃል? እንደዚያ ብሎ መጠየቅ የማንም ሥራ አልነበረም ነው የምለው።

ቪዲዮውን ሳይ ወንድሜ ፊቱን ያዞረው ለዚህ ነው። እኔም ሁለት ነገር አንድ ላይ ተሰማኝ። አንደኛ፣ ያኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ቢኖር ይጠቅመው ነበር። ሁለተኛ፣ ያኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ሊኖር የማይችለው ያው እሱን ባስፈራው ምክንያት ነው።

ጥቂት ቁጥር ልጥቀስ፣ አሰልቺ አይሆንም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ አብዛኛው በእስያና በአፍሪካ ነው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ከተጎጂዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያ ብዙ ሰው ከሚሞትባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ ግምቱ በዓመት ከ2,000 በላይ ነው። ቫይረሱ ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ ግን ጊዜ አለ፣ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት። ለዚህ ነው ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውሉ ሳያድሩ ለክትባት መሄድ ሕይወት የሚያተርፈው። ሌላውን ብትረሱ ይህቺን አስራ አምስት ደቂቃ አትርሱ፤ የቤተሰብ ግሩፕ ላይም ጣሏት።

አሁን ወደ ሙያዬ። ውሻን ማስከተብ ኢኮኖሚስቶች ኤክስተርናሊቲ የሚሉት ነገር ያለበት ጉዳይ ነው። እኔ ውሻዬን ባስከትብ ከፋይዋ እኔ ነኝ፣ ጥቅሙን የሚያገኙት ግን በእኔ በር የሚያልፉት የሰፈሩ ልጆች ሁሉ ናቸው። ባላስከትብ ወጪው ዜሮ ነው፣ 56ቱን የታክሲ ሒሳብ የምትከፍለው ሌላ እናት ናት። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለቤት ለብቻው ሲያስብ ተወው ይላል፣ ሰፈሩ ግን ይከስራል። እንዲህ ያለውን ነገር "ሕዝቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል" ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። ሕዝቡ ሒሳብ ያውቃል። ሒሳቡ የሚስተካከለው ክትባቱ ሰፈር ድረስ በነፃ ወይም በነፃ ያህል ሲመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፍ ያቆማል ነው። መቶ በመቶ አይደለም፤ ከአስር ሰባት። የተነከሰ ሰው ሕክምና ግን በአማካይ 108 ዶላር ያህል እንደሚያስወጣ ያው ድርጅት ይገምታል። ያን ብር በጉልት ነጋዴ ገቢ ለክታችሁ እዩት።

እኛ የለመድነው መንገድ ሌላ ነው። ውሻ በዛ ሲባል መርዝ የተነከረ ሥጋ ይጣላል። በብዙ ከተሞቻችን ሆኗል። ጠዋት ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በየቱቦው አፍ ሬሳ እያዩ ያልፋሉ። አማርኛችን ማንም ሳይጠየቅበት የቀረ ደም ሲያጋጥመው "ደመ ከልብ ሆነ" ይላል፣ ቋንቋው ራሱ የውሻ ደም እንደማያስጠይቅ ወስኗል። ለውሻ ርኅራኄ ባይኖረን እንኳ ሥራው አይሠራም። ውሻ ሲያልቅ ያ ሰፈር ባዶ አይቀርም፤ ከሌላ ሰፈር፣ ያልተከተበ፣ ማንም የማያውቀው ውሻ ይመጣል። የተከተበ ውሻ ግን መንገዱን ይዞ ይጠብቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም ውሻን በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማይቆጣጠር ደጋግሞ ተናግሯል።

መቼም የጎንደር ሰው ነኝና ይህቺን ሳልጨምር አላልፍም። የሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮም ጠላቱ ይኸው በሽታ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 ያነሱ ናቸው፣ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ባሌ ላይ በሽታው ከገበሬ ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ እየተሻገረ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል። ለእነሱ ሲባል እዚያ በፓርኩ ዙሪያ የገበሬ ውሾች ሲከተቡ ቆይተዋል። ለቀበሮ የተቻለ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ አይቻልም?

ይህን ስል "አገሩ በምን ላይ ነው፣ አንቺ ስለ ውሻ ታወሪያለሽ" የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ኮሜንቱን ከአሁኑ አየዋለሁ። ልክ ነው፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ ቁጥራቸው በሚሊዮን የሚገመት ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ከዚያ በፊትም በ2013 እና በ2014 የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ ነበር። የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ፣ አባቱ ወጥቶ የቀረ ልጅ፣ ዓመት ቀርቶበት ከታናናሾቹ ጋር የተቀመጠ ልጅ አለ። ስለ ልጆች ጭንቀት ማውራት ቅንጦት የሚሆነው መቼ ነው ታዲያ? እኔ የማየው በተቃራኒው ነው። ትልቅ ሰው ሲከፋው የሚሄድበት አለው። ቡና አለ፣ ጎረቤት አለ፣ የነፍስ አባት አለ። ልጅ የሚባለው ግን "ዝም በል" ነው። ወንድሜ አንዲት ውሻ ነክሳው ያን ያህል ከተናወጠ፣ የባሰ ያዩት እንዴት ይሆኑ?

እንግዲህ አቋሜን ልናገር። የቴራፒ ውሻ ነገ ጠዋት ይምጣልን አልልም። ከውጭ የመጣ ዝርያ ገዝቶ ፎቶ ለመነሻ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚያቆም ድርጅት ቢመጣ መጀመሪያ የምቃወመው እኔ ነኝ። ፍርሃት የሸመተ ልጅ ፊት ውሻ ማቅረብ ሕክምና ሳይሆን ማሠቃየት ሊሆን ይችላል። እምነትም አለ። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ውሻ ከአምልኮ ቦታ እንዲርቅ ይፈልጋል፤ ልጁ ትምህርት ቤት ውሻ ነክቶ መጣ ቢባል የሚከፋው ወላጅ ብዙ ነው፣ መከፋቱም ንቀት አይገባውም። የውጭዎቹም ቢሆኑ ወላጅ ካልፈቀደ አያስጠጉም።

ግን ሐሳቡን ከነውሻው መጣልም አልፈልግም። ሐሳቡ ሁለት እግር አለው፤ አንዱ የማያስፈራ ውሻ፣ ሌላው የሚያዳምጥ ሰው። ሁለቱም እኛ ዘንድ መጀመር ይችላሉ።

የሚያዳምጠውን በተመለከተ ከአሜሪካ ይልቅ ዚምባብዌ ትቀርበናለች። ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ የሰፈር አያቶችን አሠልጥኖ፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። የከፋው ሰው መጥቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ ያወራል። በሾና ቋንቋ ጭንቀትን "ብዙ ማሰብ" ነው የሚሉት፣ እኛም "ሐሳብ አበዛ" እንደምንለው። ሥራው ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2016 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ ውጤቱ ወጣ፦ አያቶቹ ጋ የተቀመጡት በግልጽ ተሽሏቸው ነበር። አያት ደግሞ ጠዳ ውስጥ ሞልቷል። የጤና ሳይንስ ኮሌጅም እዚሁ አለ። አንዲት ቁምነገረኛ እማማ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ቢቀመጡ ሰማይ አይወድቅም። የተማረ አማካሪ የሚያስፈልገውን ልጅ ለይተው ወደ ባለሙያ የሚመሩበት መንገድ ከተሠራላቸው ደግሞ ከዚያ በላይ ነው።

ውሻውን በተመለከተ ቀኑም ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ፓስተር ያረፈበት ዕለት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 18። ማለትም በአብዛኛው ዓመት የመስቀል ማግስት፣ ትምህርት ገና ሲጀምር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው። ከአሜሪካው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር "አንድ ጤና" በሚባለው፣ የሰውንና የእንስሳን ጤና አብሮ በሚያይ ሥራ ላይም ቆይቷል፤ የእብድ ውሻ በሽታን መቆጣጠር ከዚያ ውስጥ አንዱ ነው። ተማሪዎቹ ደግሞ የሚለማመዱበት ውሻ ይፈልጋሉ። ውሻው እኛ ጋ አለ።

የማስበው እንዲህ ነው። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ልጅ የቤቱን ውሻ በገመድ አስሮ ወደ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ያመጣል። ክፍል ውስጥ አይደለም፣ ሜዳው ላይ። ውሻው ይከተባል፣ አንገቱ ላይ ባለቀለም ማሰሪያ ይታሰርለታል፣ ልጁ ካርድ ይሰጠዋል። ካርዱ ላይ የውሻው ስም ይጻፋል። ስም የሌለው ከሆነ ልጁ እዚያው ያወጣለታል። ማሰሪያ ያለውን ውሻ መንገድ ላይ ያየ ሌላ ልጅ ሁሉ የተከተበ መሆኑን ያውቃል። ቢነክሰው እንኳ ታጥቦ ወደ ሐኪም መሄዱ አይቀርም፣ ግን የእናቱ ልብ አይቆምም። እንዲህ ያለ ነገር ታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ለዓመታት ተሠርቶበታል። ልጆች ውሾቻቸውን እየጎተቱ፣ አንዳንዴም እየተጎተቱ ነው የሚመጡት።

ገመዱን የያዘው ልጅ ነው ለእኔ ዋናው። ድንጋይ የያዘ እጅ ገመድ ሲይዝ ምን እንደሚሰማው አባቴ ያውቃል። ወንድሜ አያውቅም።

ወንድሜ አሁን አሥረኛ ክፍል ነው። ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ስለ እሱ መጻፌን ፈቃድ ጠየቅሁት። ስሜን አትጻፊ እንጂ ጻፊ አለኝ። ባለፈው እሑድ ከገበያ ስንመለስ ወፍጮ ቤቱ ጋ ያቺ ነጭና ቡናማዋ ውሻ ከአራት ቡችሎቿ ጋር ተኝታ ነበር። እንደ ልማዱ መንገዱን ተሻግሮ በዚያኛው በኩል ሄደ። ትንሽ እንደሄድን ቆመና ወደ ኋላ አየ። ከፌስታሉ ዳቦ ቆርሶ ወረወረ። በጣም ከሩቅ ነበር፣ ዳቦው ግማሽ መንገድ ላይ ወደቀ። ውሻዋ መጀመሪያ ድንጋይ መስሏት ተነስታ ሸሸች።

"ቤት ያላት ትመስልሻለች?" አለኝ።

"አላውቅም። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ያበላታል ይላሉ።"

"እንግዲያ እሱ ያስከትባት" አለና ፌስታሉን ይዞ ቀደመኝ።